አርተር ኮምፕተን፤ ብርሃንን እንደ ብይ ያጋጨ ሰው

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የተማርን ሁሉ የኮምፕተን ውጤት የምትባል ቀመር አጋጥማናለች። አጭር ናት፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ትጻፋለች፤ አንድ ጥያቄ ትመጣባታለች፤ ከዚያ ታልፋለች። ሰውየው ግን አብሯት አይመጣም። የት ተወለደ፣ በምን መሣሪያ ለካ፣ ማን ተከራከረው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢነሣ መምህሩ ምን ሊመልስለት ነው? ነገ በክፍል ፊት የምንቆም ዕጩ መምህራን ስለሆንን ጥያቄው የኛም ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የአሜሪካዊውን የፊዚክስ ሊቅ የአርተር ሆሊ ኮምፕተንን ሕይወት ለመተረክ ተነሥቻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮምፕተን በሴፕቴምበር 10 ቀን 1892 በኦሃዮ ግዛት፣ ዉስተር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤልያስ ኮምፕተን በከተማዋ ኮሌጅ የፍልስፍና መምህርና ዲን ነበሩ፤ በሃይማኖትም የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ። እናቱ ኦቴሊያ ደግሞ ጦር መሣሪያ ማንሣትን ከሚያወግዙት ከሜኖናይት ወገን የተወለዱ ናቸው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን። ታላቅ ወንድሙ ካርል እሱም የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋምን በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ሌላው ወንድሙ ዊልሰንም የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኗል። እንግዲህ ቤቱ የመምህራን ቤት ነው ማለት ይቻላል።

ልጁ አርተር እጁ የማያርፍ ዓይነት ነበር። በ1910 የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሲታይ ፎቶግራፍ አነሣው። በዚያው ዓመት ሞተር የሌለው ተንሸራታች አውሮፕላን በገዛ እጁ ሠርቶ በረረበት። ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚማርከኝ ገና የኮሌጅ ተማሪ ሳለ የሠራት ነገር ናት። የመስታወት ቱቦ በቀለበት ቅርጽ አጥፎ ውሃ ሞላባት። ውሃው ፈጽሞ እስኪረጋ ጠበቀ። ከዚያ ቀለበቷን ባንድ ጊዜ ገለበጣት። ውሃው ከግልበጣው በኋላ በዝግታ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ በሚታይ ፍጥነት ይዞራል። ለምን ቢባል ምድር ራሷ ስለምትዞር ነው። መስኮት ሳይከፈት፣ ሰማይ ሳይታይ፣ የምድር መሽከርከር እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ተለካ። ሥራው በ1913 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ሲታተም ደራሲው ገና ሃያ አንድ ዓመት አልሞላውም፤ ዓላማውም ለተማሪ ማሳየት ነበር። የማስተማሪያ መሣሪያ የለም እያልን ለምናማርር ሰዎች መልስ የምትሆን ይመስለኛል።

አንድ ሰሞን የወንጌል ሥራ ውስጥ ልግባ ወይ ብሎ አስቦ ነበር። አባቱ ግን በሳይንስም ማገልገል እንደሚቻል መከሩት። ፕሪንስተን ገብቶ በ1916 የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ቤቲ ማክክሎስኪን አገባ። አንድ ዓመት ሚኒሶታ አስተማረ፤ ሁለት ዓመት በዌስቲንግሃውስ የመብራት ኩባንያ የሶዲየም መብራት ላይ ሠራ። በ1919 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ካምብሪጅ፣ ራዘርፎርድ ዘንድ ደረሰ። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ካምብሪጅ ውስጥ ጋማ ጨረርን በልዩ ልዩ ቁስ ላይ እያሳለፈ ወደ ጎን የሚበተነውን ይለካ ነበር። አንድ ነገር አላምር አለው። የተበተነው ጨረር ከመጀመሪያው የደከመ ነው። በዘመኑ ትምህርት መሠረት እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ብርሃን ሞገድ ነው፤ ሞገዱ ኤሌክትሮኑን ያወዛውዘዋል፤ የሚወዛወዘው ኤሌክትሮን ደግሞ በዚያው ድግግሞሽ ሌላ ሞገድ ይልካል። ኩሬ ላይ የተንሳፈፈ ቡሽ አስቡ፤ ማዕበሉ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ቢያነሣው እሱም በሰከንድ ሁለት ጊዜ ነው የሚነሣው፤ አንድ ጊዜ ተኩል አይነሣም። ታዲያ የጨረሩ ድግግሞሽ እንዴት ቀነሰ?

ኮምፕተን ወዲያው መልስ አላገኘም። እንዲያውም ለበርካታ ዓመታት የተሳሳተ መልስ ይዞ ቆይቷል። ኤሌክትሮን በጣም ትልቅ፣ እንደ ቀለበት ያለ ነገር ነው የሚል ግምት ነበረው፤ ውጤቱን ሁሉ በዚያ ግምት ሊያብራራ ታገለ። መማሪያ መጽሐፍ ይህን አይነግረንም። መጽሐፉ ላይ ኮምፕተን ካንድ ገጽ ብድግ ብሎ ቀመር የጻፈ ነው የሚመስለው።

በ1920 ወደ አሜሪካ ሲመለስ ትልልቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች ትቶ በሴንት ሉዊስ የሚገኘውን የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መረጠ። በዚያን ጊዜ በፊዚክስ ብዙ ስም ያልነበረው ቦታ ነው። ሌሎች ከሚከራከሩበት አዳራሽ ራቅ ብሎ በራሱ ሐሳብ ሊሠራ ፈልጎ ነው ይባላል። ሥራውንም ከጋማ ጨረር ወደ ኤክስሬይ አዞረ፤ ምክንያቱም የኤክስሬይን የሞገድ ርዝመት በክሪስታል በትክክል መለካት ይቻላል።

መሣሪያው እንዲህ ነው። ከሞሊብደነም ብረት የሚወጣ ኤክስሬይ በግራፋይት ቁራጭ ላይ ይወድቃል። ግራፋይት ማለት በእርሳሳችን ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር ነው። ወደ ጎን የተበተነው ጨረር በእርሳስ ብረት ስንጥቆች መካከል አልፎ ካልሳይት ከሚባል ክሪስታል ላይ ይነጥራል፤ ክሪስታሉ እንደ ሞገድ ርዝመቱ በተለያየ አቅጣጫ ያነጥረዋል፤ መጨረሻ ላይ ጋዝ የያዘ ማጠራቀሚያ ስንት ጨረር እንደ ደረሰ ይመዘግባል። የሚመጣው ጨረር የሞገድ ርዝመት 0.708 አንግስትሮም ነው። አንድ አንግስትሮም የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። በ90 ዲግሪ የተበተነውን ሲለካ 0.73 ገደማ ሆኖ አገኘው። ከሞላ ጎደል ሦስት በመቶ ረዝሟል። ሦስት በመቶ! ዓለምን ያናወጠው ቁጥር ይኸው ነው።

በ1922 መጨረሻ ላይ የቀለበቱን ኤሌክትሮን ጣለው። የደከመበትን፣ በጽሑፍ ያሳተመውን፣ በስሙ የሚታወቀውን ሐሳብ ማለት ነው። ከዚያም ቀላሉን ነገር ሞከረ። አንስታይን በ1905 ብርሃን በቁርጥራጭ፣ በቅንጣት መልክ ኃይል ይሰጣል ብሎ ነበር፤ የሚያምነው ግን ጥቂት ነበር። ኮምፕተን ቅንጣቱን እንደ ብይ ቆጠረው። ልጅ ሆነን ብይ የተጫወትን እናውቃለን፤ የሚሮጥ ብይ የቆመን ብይ ሲመታ የቆመው ይነሣና ይሄዳል፤ መቺውም ኃይሉን አካፍሎ ደክሞ ወደ ጎን ያመልጣል። መቺው ፎቶን ነው፤ የቆመው ኤሌክትሮን ነው። ፎቶኑ ኃይል ስላካፈለ ድግግሞሹ ይቀንሳል፤ የሞገድ ርዝመቱ ይረዝማል። ሌላ ምንም አልጨመረበትም፤ በግጭት ጊዜ ኃይልም ሞመንተምም አይጠፋም የሚለውን፣ እኛም የምናስተምረውን ሕግ ብቻ ነው የተጠቀመው። ሒሳቡ ሲወጣ ጭማሪው 0.0243 አንግስትሮም በአንድ ሲቀነስ የማዕዘኑ ኮሳይን ተባዝቶ ሆነ። በ90 ዲግሪ 0.0243፤ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ለተመለሰው እጥፉ፣ 0.0486። መሣሪያው ከነገረው ጋር ገጠመ።

እዚህ ላይ ተማሪ የሚያነሣው ጥሩ ጥያቄ አለ። ብርሃን ሁሉ እንዲህ ከሆነ በዓይናችን ስናይ ለምን ቀለሙ አይለወጥም? መልሱ ቁጥሯ ውስጥ ነው። ጭማሪው ለማንኛውም ጨረር አንድ ነው፤ በጨረሩ ዓይነት አይለወጥም። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 5,000 አንግስትሮም ያህል ስለሆነ 0.0243 ቢጨመርበት ማን ያውቀዋል? በኤክስሬይ ላይ ግን ሦስት በመቶ ይሆናል። በቶን በሚመዝን ሚዛን ላይ አንድ ቁንጥጫ ጨው ቢጨመር አይታወቅም፤ በወርቅ ሚዛን ላይ ግን ይታወቃል። ኮምፕተን ሚዛኑን መርጧል ማለት ነው።

ውጤቱ በሜይ 1923 ታተመ። በዚያው ዓመት የኔዘርላንዱ ተወላጅ ፒተር ደባይ ለብቻው ተመሳሳይ ሒሳብ አወጣ። ኮምፕተንም ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ግን ማን ዝም ብሎ ያምናል? የሃርቫርዱ ዊሊያም ዱዌን፣ በኤክስሬይ ሥራ የታወቀ ትልቅ ሰው፣ ሙከራውን ደግሞ ሲሠራ ለውጡን አላገኘም። ስለዚህ ሌላ ማብራሪያ አቀረበ። ሁለቱ አንዱ ወደ ሌላው ላቦራቶሪ እየሄዱ መሣሪያዎቹን ተያዩ። በ1924 በጋ ቶሮንቶ በተደረገ ስብሰባ ላይ በሰው ፊት ተከራከሩ። መሣሪያውን የከበበው ሳጥን ይሆን ጨረሩን የሚለውጠው የሚል ጥርጣሬም ተነሣ፤ ኮምፕተንና ተማሪዎቹ ይህንንም ሳይንቁ ፈተሹት። ከተማሪዎቹ አንዱ ቻይናዊው ዉ ዮውሹን ብዙ ዓይነት ቁሶችን እየቀያየረ ለክቶ ጭማሪው በቁሱ ዓይነት እንደማይለወጥ አሳይቷል፤ ኋላም በአገሩ የፊዚክስ ትምህርት መሥራች ከሚባሉት አንዱ ሆነ። በ1924 መጨረሻ ዱዌን የራሱን ሙከራ እንደገና በጥንቃቄ ሠራ፤ ለውጡን አገኘው፤ አገኘሁት ብሎም በይፋ ተናገረ። እንዲህ ያለ ተከራካሪ ማግኘት ዕድል ነው።

አንድ ትልቅ ክርክር ገና ቀርቶ ነበር። ኒልስ ቦርና ሁለት ባልደረቦቹ በ1924 ኃይል የማይጠፋው በአማካይ ነው እንጂ በእያንዳንዱ ግጭት ላይሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አመጡ። ኮምፕተንና አልፍሬድ ሳይመን በ1925 የእንፋሎት ማጠራቀሚያ ውስጥ እያንዳንዱን ግጭት በፎቶግራፍ እያነሡ የተመታው ኤሌክትሮንና ያመለጠው ፎቶን አቅጣጫቸው ሒሳቡ እንዳለው መሆኑን አሳዩ። ጀርመን ውስጥ ቦቴና ጋይገርም በሌላ መንገድ እዚያው ደረሱ። የእንፋሎቱ መሣሪያ የስኮትላንዱ ሲ. ቲ. አር. ዊልሰን ፈጠራ ነው። በ1927 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ለኮምፕተንና ለዊልሰን በጋራ ተሰጠ። ኮምፕተን 35 ዓመቱ ነበር። ፎቶን የሚለው ስም ራሱ በሊቃውንት ዘንድ የተለመደው ከ1926 ወዲህ ነው።

ሰው እዚህ ላይ ቢያርፍ ማን ይወቅሰዋል? ኮምፕተን ግን ሌላ ጠብ ውስጥ ገባ።

ከጠፈር ወደ ምድር ቀንና ሌሊት የሚወርድ ጨረር እንዳለ ከ1912 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ምንድነው? የዘመኑ ዝነኛ አሜሪካዊ ሊቅ ሮበርት ሚሊካን ፎቶን ነው፣ አቶሞች በጠፈር ሲፈጠሩ የሚወጣ ብርሃን ነው ይል ነበር። እውነት ፎቶን ከሆነ ኤሌክትሪካዊ ሙል የለውም፤ የምድር ማግኔት አያጣምመውም፤ ስለዚህ በምድር ወገብም በዋልታም እኩል መውረድ አለበት። ሙል ያለው ቅንጣት ከሆነ ግን ማግኔቱ በምድር ወገብ አካባቢ ይመልሰዋል፤ እዚያ ያንሳል። ጥያቄው እንግዲህ በመለካት የሚፈታ ነው፤ ችግሩ መለኪያውን ይዞ ዓለምን መዞር ብቻ ነው! የኔዘርላንዱ ያኮብ ክላይ ወደ ጃቫ በመርከብ ሲጓዝ ልዩነት እንዳለ አይቶ ነበር፤ ሁሉም ግን አላመነውም።

በ1931 ሮማ ላይ በተደረገ ጉባኤ ብሩኖ ሮሲ የሚባል ወጣት ጣሊያናዊ ሚሊካን ራሱ በተቀመጠበት ቆሞ የፎቶኑን ሐሳብ በማስረጃ ነቀፈ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሚሊካን አልወደደለትም። ኮምፕተንም እዚያው ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር፤ ወደዚህ ሥራ የሳበው ያ ንግግር እንደሆነ ኋላ ለሮሲ ነግሮታል።

ኮምፕተን አንድ ዓይነት መሣሪያዎች አሠራ፤ በአርጎን ጋዝ የተሞላ የብረት ሉል፣ በወፍራም እርሳስ ብረት የተሸፈነ። ሁሉም በራዲየም ተፈትሸው አንድ ቋንቋ እንዲናገሩ ተደረገ። የዚህ ሥራ ዋና ብልሃት ይህ ይመስለኛል። በልዩ ልዩ አገር ልዩ ልዩ ሰው ሲለካ ልዩነቱ ከሰማይ ይምጣ ከመሣሪያው መለየት ያቅታል። መሣሪያዎቹን ለጉዞ ቡድኖች አከፋፈለ፤ በ1932 እሱ ራሱ ከባለቤቱና ከታላቅ ልጁ ጋር ሃዋይን፣ ኒው ዚላንድን፣ አውስትራሊያን፣ ፓናማን፣ ፔሩን፣ ሜክሲኮን፣ ሰሜን ካናዳን አዳረሰ። በጠቅላላው ከ69 ጣቢያዎች ቁጥር ተሰበሰበ። ሥራው ያለ ዋጋ አልሆነም፤ ለዚሁ ልኬት አላስካ ውስጥ በማኪንሊ ተራራ ላይ የወጡት አለን ካርፔና ቴዎዶር ኮቨን በሜይ 1932 በበረዶ ስንጥቅ ምክንያት ሕይወታቸውን አጡ።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። በምድር ወገብ አካባቢ ጨረሩ ያንሳል፤ በባሕር ወለል ላይ እንኳ ልዩነቱ ከአሥር በመቶ ይበልጣል። በዲሴምበር 1932 አትላንቲክ ሲቲ ላይ ሁለቱ የኖቤል ተሸላሚዎች ፊት ለፊት ተገጣጠሙ፤ ጋዜጦችም እንደ ቦክስ ግጥሚያ አወሩት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚሊካን ሰዎች ራሳቸው ልዩነቱን አገኙ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ቅንጣቶቹ ሙላቸው አዎንታዊ ነው ወይስ አሉታዊ የሚል ነበር። አዎንታዊ ከሆኑ ከምሥራቅ ይልቅ ከምዕራብ በኩል በብዛት መምጣት አለባቸው፤ ይህን አስቀድሞ በሒሳብ የተነበየው ያው ሮሲ ነው። ለመለካት ግን ወደ ምድር ወገብ የቀረበ ከፍ ያለ ቦታ ያስፈልጋል። ሮሲ የት ሄደ መሰላችሁ? አስመራ! በ1933፣ ኤርትራ በጣሊያን ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,370 ሜትር ላይ መቁጠሪያ ቱቦዎቹን እንደ መነጽር ደርድሮ አንዴ ወደ ምሥራቅ አንዴ ወደ ምዕራብ እያዘነበለ ቆጠረ። ከምዕራቡ በዛ። አዎንታዊ ናቸው። ግን ቀደሙት፤ ኮምፕተንና ሉዊስ አልቫሬዝ የተባለ ወጣት ተማሪው ሜክሲኮ ከተማ ላይ፣ ቶማስ ጆንሰንም እዚያው ሜክሲኮ ውስጥ ለክተው ነበር። ሮሲ ለዓመታት የጠበቃት ግኝት በወራት ልዩነት አመለጠችው። ነገር ግን አስመራ ባዶ እጁን አልሰደደችውም። ተራርቀው የተቀመጡ መቁጠሪያዎች ሳይታሰብ በአንድ ቅጽበት አብረው ሲቆጥሩ አየ፤ ከሰማይ አንድ ሳይሆን ሙሉ ዶፍ ቅንጣት እንደሚወርድ የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነበር።

ይህን ታሪክ ያረዘምኩት ለሰፈራችን ስለሚቀርብ ብቻ አይደለም፤ የኮምፕተንን ጠባይ ስለሚያሳይም ነው። በ1938 የፋሽስቱ መንግሥት ሮሲን አይሁዳዊ ነህ ብሎ ከዩኒቨርሲቲው አባረረው። ተፎካካሪው ኮምፕተን በ1939 ቺካጎ ላይ ለጠራው ጉባኤ ጋበዘው፤ ሥራም አገኘለት። ሮሲ በአሜሪካ ቀረ፤ ትልቅ ሰውም ሆነ።

በ1941 እዚያው ቺካጎ ውስጥ ማርሴል ሻይንና ባልደረቦቹ መሣሪያ በፊኛ ወደ ከፍተኛ አየር ልከው ከጠፈር የሚመጡት ቅንጣቶች በአብዛኛው ፕሮቶኖች እንደሆኑ አሳዩ። ሚሊካን እንግዲህ ተሸነፈ? ሙሉ በሙሉ አይደለም። ፕሮቶኑ የአየር አቶም ሲመታ ከግጭቱ ፎቶኖች ይወለዳሉ፤ ወደ ታችም ይወርዳሉ። ፎቶን አለ፤ ግን ልጅ ነው እንጂ አባት አይደለም። እንዴት እንደሚወለድ ግን በዚያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጦርነቱም ደረሰ።

በ1941 ኮምፕተን የአቶም ቦምብ ይቻል እንደሆነ እንዲያጠና የተቋቋመውን ኮሚቴ መራ። በ1942 መጀመሪያ የተበታተነውን ሥራ ሰብስቦ ቺካጎ አመጣው። በዲሴምበር 2 ቀን 1942 በዩኒቨርሲቲው ስታዲየም መቀመጫዎች ሥር፣ በአንድ የስኳሽ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ፣ ኤንሪኮ ፌርሚ የመጀመሪያውን ራሱን የቻለ የኒውክሌር ምላሽ አስነሣ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ መካከል ነው። ኮምፕተን የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ሳያስፈቅድ በራሱ ኃላፊነት ነው የወሰነው። የፌርሚን ስሌት አምኖ ነበር፤ ስሌቱም ልክ ሆነ። ቢሆንስ፣ እንዲህ ያለ ሥልጣን ለአንድ ሰው ይገባል ወይ ብዬ መጠየቄን አልተውኩም።

ከባዱ በ1945 መጣ። እሱ፣ ፌርሚ፣ ሎረንስና ኦፐንሃይመር አራት ሆነው መንግሥትን በሳይንስ እንዲያማክሩ ተመረጡ። የራሱ ላቦራቶሪ ሰዎች፣ በጄምስ ፍራንክ የሚመሩት፣ ቦምቡ ሰው ላይ ሳይወድቅ በፊት በሰው አልባ ቦታ ለዓለም ይታይ ብለው ጻፉ። ኮምፕተን ጽሑፉን አላፈነውም፤ ዋሽንግተን አደረሰው። ግን በላዩ የራሱን ማስታወሻ አያይዞ፣ ጦርነቱ ቶሎ ቢያልቅ የሚተርፈው ሕይወት አልታሰበበትም አለ። በጁን 1945 አራቱ ሊቃውንት ጦርነቱን ያቆማል ብለው የሚያቀርቡት ሌላ ማሳያ እንዳላገኙ፣ በቀጥታ ከመጠቀም ሌላ መንገድ እንዳልታያቸው ገለጹ። ኦገስት 6 ሂሮሺማ፣ ኦገስት 9 ናጋሳኪ። የናጋሳኪው ቦምብ ፕሉቶኒየም ነበር፤ የፕሉቶኒየም አሠራር ጥናት ደግሞ በእሱ አመራር ሥር የተካሄደ ነው።

መሣሪያ ማንሣት ኃጢአት ነው ከሚል ወገን የተወለዱት የእናቱ ልጅ ይህን እንዴት ቻለው? በ1956 ባሳተመው መጽሐፉ ውሳኔውን ተከላክሏል፤ አልተጸጸተም። እኔ ስመዝነው ከ1922ቱ ኮምፕተን ጋር አነጻጽረዋለሁ። ያን ጊዜ የተሳሳተ ሐሳቡን ያስጣለው ክሪስታልና ግራፋይት ነበር፤ ዱዌንም ደግሞ መለካት ይችል ነበር። በ1945 ያልተሞከረው መንገድ ምን ያመጣ እንደነበር ግን ማንም ደግሞ ሊለካው አይችልም። የፍራንክ ሰዎች ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ኮምፕተን የተቃዋሚዎቹን ወረቀት በገዛ እጁ ይዞ መሄዱን ሳልጠቅስ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። መምህራኖቻችንም ሆኑ ጓደኞቼ በዚህ የተለየ ሐሳብ ካላችሁ ይኸው ግድግዳ ቦታ አለው።

ከጦርነቱ በኋላ ያቺን የጥንት ላቦራቶሪውን ዩኒቨርሲቲ፣ የሴንት ሉዊሱን፣ በበላይነት እንዲመራ ተጠራና እስከ 1953 መራው። ዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተማሪዎችን ያለ ልዩነት መቀበል የጀመረው በ1952 በሱ ዘመን ነው፤ እጅግ ዘገየ ተብሎ የተወቀሰውም እሱ ነው፤ ወቀሳው ይገባዋል። በግቢው ውስጥ መኪና እየከነፈ ሲያስቸግር ደግሞ በ1953 መንገድ ላይ የሚሠራ ጉብታ በሒሳብ ነደፈ፤ በዝግታ የሚያልፍ የማይሰማው፣ የሚቸኩል ግን የሚዘልበት። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ እንደምናየው ዓይነት ማለት ነው። የኖቤል ተሸላሚ ለዚህ ጊዜ ነበረው።

ማርች 15 ቀን 1962 በካሊፎርኒያ በርክሊ ከተማ፣ በ69 ዓመቱ፣ በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ ሞተ። የተቀበረው በተወለደባት ዉስተር ነው።

ፎቶን ከፕሮቶን ግጭት እንዴት እንደሚወለድ የታወቀው እሱ በሕይወት እያለ፣ ኋላ በሞተባት በርክሊ ነው። በ1950 የሎረንስ ላቦራቶሪ ሰዎች ፕሮቶኖችን ከ300 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ አስሩጠው ከዒላማ ጋር አጋጩና የሚወጡትን ፎቶኖች ለኩ። የፎቶን ኃይል በቀጥታ አይመዘንም፤ ስለዚህ በቀጭን ብረት ላይ ወድቆ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ጥንድ እንዲለወጥ ተደረገ፤ ጥንዱን ማግኔት ሲያጥፈው ከእጥፋቱ መጠን ኃይሉ ተሰላ። የፕሮቶኖቹ ፍጥነት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ የፎቶኖቹ ቁጥር ድንገት ያሻቅባል። በግጭቱ ሙል የሌለው ፓዮን የሚባል ቅንጣት ይፈጠርና ወዲያው ለሁለት ፎቶን ይከፈላል ማለት ነው። የፓዮኑ ክብደት ወደ ኃይል ሲመነዘር 135 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ሁለቱ ፎቶኖች በእኩል ይካፈሉታል። አየር ላይ ከጠፈር ፕሮቶን የሚወለዱት አብዛኞቹ ፎቶኖችም የዚሁ ፓዮን ልጆች ናቸው።

በስሙ የተጠራ የጋማ ጨረር መመልከቻ በ1991 ወደ ጠፈር ተልኮ እስከ 2000 ሠርቷል። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ፎቶኑ የመጣበትን አቅጣጫ የሚያውቀው በራሱ በኮምፕተን ግጭት ነበር።

ጄኔቫ አጠገብ ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር በሚዞረው ማፍጠኛ ውስጥም ከ2010 ጀምሮ ፕሮቶኖች በ7 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልትና ከዚያ በላይ እየተጋጩ የሚወጡት ፎቶኖች ተለክተዋል። እዚያ ያለው ችግር ብዛቱ ነው። ከፓዮን የሚመጡት ፎቶኖች በሌሎች ቅንጣቶች ታጅበው ስለሚመጡ ለካቾቹ ዙሪያው ጭር ያለውን፣ ብቻውን የቆመውን ፎቶን ይመርጣሉ። እሱ በቀጥታ ከፕሮቶኑ ሆድ የወጣ ነው። በአብዛኛው የሚወጣውም አንዱ ፕሮቶን ውስጥ ያለ ኳርክ በሌላው ውስጥ ካለ ግሉዮን ጋር ሲጋጭ ነው፤ ግሉዮኑ ይዋጣል፣ ፎቶን ይተፋል። የእነዚህን ፎቶኖች ብዛት በመቁጠር በፕሮቶን ውስጥ ምን ያህል ግሉዮን እንዳለ ይገመታል። ግራፋይትም ሞሊብደነምም የሌሉበት ይህ ግጭት፣ አሠራሩ የዚያኛው ወንድም ስለሆነ፣ በፊዚክስ ሊቃውንት ዘንድ የሚጠራው በኮምፕተን ስም ነው።